ቡፌ ውስጥ የገባው ዋይፋይ

«ያንቺ ዓይን ነው የበላው» አሉኝ አክስቴ፣ ሳሎኑ መካከል ቆመው፣ ፊት ለፊት። «ነይና እንትፍ በይበት።»

በላሽው የተባልኩት ዋይፋዩን ነው። ሕፃን በዓይን ተበላ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የምትታለብ ላም ዓይን አግኝቷት ጡቷ ደረቀ ሲባልም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሁለት ቀንድ ያላት ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን በላሽ ተባልኩ።

እንትፉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። እኛ አገር ዓይኑ ከባድ ነው የተባለ ሰው፣ ጎዳው የተባለው ነገር ላይ እንትፍ እንዲል ይለመናል። እንትፍ ካለ የተጎዳው ይድናል ይላሉ። የማይሉት፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው፣ እንትፍ ያለው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው። አንዴ ምራቅሽን ካወጣሽ አመንሽ ማለት ነው። ወላድ ልትጠይቂ ስትገቢ ልጁ ይሸፈናል። ሊጥ የምታቦካ ጎረቤት ስታይሽ ክዳን ፍለጋ ትሮጣለች። ሊያገባሽ ያሰበ ሰው ካለም ዘመዶቹ ጠርተው ይመክሩታል። ያ ስም ደግሞ በሞትም አይለቅም፤ ለልጅ ይወርዳል።

«አፌ ደርቋል» አልኳቸው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ደብረ ማርቆስ እህል ይነግዳሉ፤ አባቴ አምበር አጠገብ ያርሳል። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው እሳቸው ዘንድ የመጣሁት። ከሴት ልጃቸው ጋር እኩያ ነን፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እሷ የኔን የቤት ሥራ ገልብጣለች፣ እኔም የሷን ገልብጫለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ግን እሷን አሳለፋት፤ እኔን በትንሽ አስቀረኝ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ተማረች። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ እህል ስሰፍር፣ የጆንያ አፍ ስሰፋ።

ቀንቻለሁ። አልቀናሁም ብል ማን ያምነኛል? እናቷ ምሳዋን ክፍሏ ድረስ ይዘውላት ሲገቡ እቀናለሁ። «የኔ እመቤት» ሲሏት እቀናለሁ። አሮጌ ጫማዋን ሲሰጡኝ «ምንም አልሆነም እኮ፣ አዲስ ነው» ይሉኛል፤ አዲስ ከሆነ እሷ ለምን አታደርገውም? ስትስቅ ጥርሷን እያየሁ እንኳ እቀናለሁ፤ የኔ ጥርስ ምንም ሳይጎድለው። ግን ቅናት ሌላ፣ ቡዳ ሌላ። ቅናት የሚያቃጥለው ባለቤቱን ነው። ማታ ስገላበጥ የማድረው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።

ዋይፋዩ የገባው ለሷ ነው። ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ መረጣት። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው፣ ከቤትሽ ሆነሽ ነው ተባለች። የስልክ ዳታ መሃል ላይ ቢቆረጥባትስ? ጥያቄው ሳይሰማት ቢቀርስ? አክስቴ እንቅልፍ አጡ፤ ገመድ ይዘርጋልኝ ብለው አመለከቱ።

ገመድ ዘርጊው ሲመጣ እናትና ልጅ ለቃለ መጠይቁ የሚሆን ልብስ ሊገዙ ወጥተው ነበር። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ወሬ ይወዳል፣ እኔ ደግሞ መጠየቅ እወዳለሁ፤ ተገናኘን።

ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው አለኝ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በገመዷ ነው። ውስጧ ከፀጉር የቀጠነ መስታወት አለ፤ በሱ ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን ነው። ገመዷ ሣጥኗ ጋ ስትደርስ ሥራዋ አለቀ። ከሣጥኗ እስከ እጅሽ ድረስ ያለችው መንገድ ናት ዋይፋይ የምትባለው፤ እንደ ሬዲዮ በአየር የምትሄድ ሞገድ። ስለዚህ ሲበላሽ ሁለቱን ለይተሽ እይ አለኝ። ስልክሽ ላይ ያቺ ማራገቢያ የምትመስለው ምልክት ሞልታ ሳለ ምንም ካልመጣልሽ፣ ችግሩ ውጭ ነው፤ የመንገዱ ቧንቧ ተሰብሮ የጓሮሽ ጎማ ደህና እንደመሆን ነው። ምልክቷ ራሷ ካነሰች ግን ችግሩ ቤትሽ ውስጥ ነው።

ሣጥኗ ስልክሽ ላይ ሁለት ስም ታወጣለች፣ አትደናገጪ አለኝ ደግሞ። አንዱ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፣ ግን ዝግ ይላል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲገጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ከሣጥኗ ጋር የሚያወራው ተራ በተራ ነው፤ እንደ ሽምግልና። ሩቅ የተቀመጠው፣ በደንብ የማይሰማው፣ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያለ የሌላውን ተራ ይበላል።

«የት ላስቀምጣት?» አልኩት።

«እንደ ኩራዝ ቁጠሪያት። ኩራዝ ለኩሰሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከቻለሽ?»

ከፍ ትበል፣ ትገለጥ፣ ቤቱ መካከል ትሁን አለ። ብረት አጠገብ አይሆንም፤ ሞገዱን ይመልሰዋል። የፊት መስታወትም ጀርባው ብረት የተቀባ ስለሆነ ያው ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከልጅቷ በር አጠገብ ሚስማር መትቶ ሰቀላት፤ የተረፈውን ረጅም ገመድ ጠቅልሎ ከሥሯ አንጠለጠለው።

እኔ የምተኛበት ሰርቪስ ቤት ጓሮ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። እዚያስ ይደርሳል ወይ ብዬ አሳየሁት። አየና ሳቀ። «አንቺማ ታሽገሻል» አለኝ።

እውነትም አልደረሰም። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ስቀመጥ ብቻ ትንሽ ይመጣልኛል። እዚያ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ ለኔ ሲሆን በር ላይ እንደሚያልቅ ድሮም አውቃለሁ፤ በአየር የሚሄደውም እንዲሁ ሆነ። ፓስወርዱን እንኳ አልነገረችኝም። ስልኬን ተቀብላኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ባንክ በር ላይ ብር እንደሚያወጣ ሰው በእጇ ከልላ ሞላችውና መለሰችልኝ።

ለሰነበተበት ያህል በደንብ ሠራ። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ሆና ከጓደኛዋ ጋር በቪዲዮ ትለማመዳለች፤ ድምጿ እስከ ጓሮ ይሰማል። አንዴም አልተቆረጠባትም። ልብስ እያጠብኩ እሰማታለሁ፤ ስለራሷ ስትናገር፣ ስለ ጥንካሬዋ ስትናገር። የኔስ ጥንካሬ ምንድን ነው ብዬ ስልቻ የሚያህለውን ብርድ ልብስ ጠመዘዝኩት።

ከዚያ አባቴ የማኅበር ተረኛ ሆነና እናቴን ላግዝ አምበር ወረድኩ። ነገሩ የተበላሸው በተመለስኩ ዕለት ነው።

ስገባ ጎረቤታችን ሴትዮ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ አጠገባቸው ሆና በስልኳ ቪዲዮ ታሳያቸዋለች። ሳይጠብቅ፣ ሳይቆም ይሮጣል። አጎንብሼ አየሁና «ጉድ ነው፣ እንዴት ይበራል! ታድለሽ» አልኳት። በቃ፣ ያልኩት ይኸው ነው። «ከዓይን ያውጣሽ» አላልኩም። መንገዱ አድክሞኛል፣ ቦርሳዬም ከትከሻዬ አልወረደም፤ ማን ያስታውሳል? ሴትዮዋ ግን ቀና ብለው አዩኝ። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ክፍሏ ስትገባ ቪዲዮው ቆመ። ክቡ እየዞረ፣ እየዞረ ቀረ። ከአፌ ቃሉ ከወጣ ገና ሴትዮዋ ሻያቸውን አልጨረሱም።

እኔ ያላየሁት፣ እነሱም ያልቆጠሩት ነገር ግን ነበረ። ሣጥኗ ሚስማር ላይ መሰቀሏ አክስቴን ሲከነክናቸው ሰንብቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ዣንጥላ ኮሪደር ላይ ይንጠለጠላል? የተከበረ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ ቡፌ። ያን ዕለት ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ የተጠቀለለውን ገመድ ፈትተው፣ ሣጥኗን ወስደው ቡፌው ውስጥ አስቀመጧት። ከኋላዋ ቡፌው ሙሉ መስታወት ነው። በግራ በቀኟ ፔርሙስ፣ ብረት ትሪ፣ ተጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች። በላይዋ ደግሞ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሷት፤ ከአቧራም ከዓይንም ይጠብቃታል ብለው። የቡፌው ጀርባ የተደገፈው የልጅቷን ክፍል ግድግዳ ነው።

በማግሥቱ ነው ያ «ያንቺ ዓይን ነው» የመጣው።

አፌ ደርቋል ካልኳቸው በኋላ ስልኬን አወጣሁና ቤቱን ዞርኩት። ቡፌው ፊት ስቆም ምልክቷ ሙሉ ናት። ኮሪደሩ ላይ ጎደለች። ልጅቷ ክፍል ስገባ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች፤ እሷም ትጠፋለች፣ ትመጣለች። ተመልሼ ለአክስቴ አሳየኋቸው። ምልክቷ ራሷ ካነሰች ችግሩ ቤት ውስጥ ነው አልኳቸው።

«እሱማ ቤት ውስጥ ነው» አሉ፣ እኔን እያዩ።

«ቡፌው ነው። መስታወቱ ይመልሰዋል። ሚስማሯ ላይ ይመልሷት።»

«ቡፌዬንም ቀናሽበት?»

በእርስዎ የሚጠራ ሰው እንዲህ ሲናገርሽ የምትመልሺው ቃል አማርኛ አልሠራልሽም። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የእናቷን ፊት አየች፣ የኔን አየች፣ ስልኳን አየች።

እስከ ቃለ መጠይቁ የቀሩት ቀናት ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኑ። ጎረቤታችን ሴትዮ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አምጥተው ከዳንቴሉ ሥር አስቀመጡ። አክስቴ ጠበል ሊረጩባት ሲሉ ልጅቷ ጮኻ ከለከለቻቸው። እኔ ሳሎን ስገባ የቡፌው በር ይዘጋል። እህል በረንዳው ላይ አንዲት ደንበኛ የሰፈርኩላትን ጤፍ ስትቀበለኝ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ጤፍ! ያን ጊዜ ነው ወሬው ከቤት እንደወጣ ያወቅሁት።

ልጅቷን ማጠቢያው ጋ ብቻዋን አገኘኋት። ሰውዬው ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ብርሃኑን፣ ሞገዱን፣ ኩራዙን። ለእናትሽ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል አልኳት።

«መሰላል ስለያዝሽ ቴክኒሻን ሆንሽ?» አለችኝ።

ከዚያ በፊት ቀናሁ ያልኩት ሁሉ ጨዋታ ነው። ያን ቀን የቀናሁት በድፍረቷ ነው። የማታውቀውን ነገር አላውቅም ሳትል እንዲህ ቀና ብላ መናገር ትችላለች፤ ያሳለፋትም ይኸው ይሆናል። እኔ የማውቀውን ስናገር እንኳ ድምፄ እንደ ለማኝ ይሆናል።

ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አክስቴ ስኳርና ሳሙና በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ድምፃቸው ለስለስ ብሏል።

«አባትሽን ጠይቂው እስቲ» አሉኝ። «ሐሙስ አልፎ ትመጫለሽ።»

አባቴን ከጠየቅሁት ሳምንትም አልሞላኝም። ፌስታሉን ተቀበልኩ። መኪናው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፤ ከተማው ሲያልቅ ወደ ኋላ አላየሁም።

እናቴ በሥራ ቀን ምን አመጣሽ አለችኝ። ስኳር አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፎቹ ያሉበት ጉብታ ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው፤ ግን ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም። ሰዓቱን አውቀዋለሁ። አዲሱን ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥያቄው ሲመጣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል። ይቁረጣት አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰው የለም። ከዚያ፣ ዓይኔ እውነት ኃይል ካለው ከዚህ ሆኖም ይሥራ ብዬ ወደ ማርቆስ አፈጠጥኩ። ሸለቆውን፣ ማሳውን፣ ሩቅ ያለውን ጉም አልፌ አፈጠጥኩ፤ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር። ሩቅ ሆኖ በደንብ ስለማይሰማው ስልክ ገመድ ዘርጊው የነገረኝ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

እናቴ ከታች ሆና ምን ተገትረሽ ትቀሪያለሽ፣ ውኃ ቅጂ እንጂ አለችኝ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ እልልታው ተሰማኝ። ቤቱ ሞልቷል። ድፎ ዳቦ ተቆርሷል፤ ጠላ ይዞራል። ልጅቷ አልፋለች። ሰኞ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ቃለ መጠይቁ አንዴም ሳይቆረጥ፣ ቃል ሳይጎድል አለቀ አሉኝ አክስቴ፤ ወዲያው ደግሞ አንገታቸውን ወደ ጎረቤታችን ዘንበል አድርገው «ነገርኩዎት አይደል? ዓይኑ ዞር ሲል ሠራ» አሉ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቡፌውን አየሁ። ሣጥኗ እዚያው ናት። ዳንቴሉም አለ፣ ሽንኩርቱም አለ። ሳልሳም፣ ሳልቀመጥ ኮሪደሩን አልፌ የልጅቷ ክፍል በር ላይ ቆምኩ፤ ስልኬን አየሁ። አንዲት ነጥብ። ጠፋች፣ መጣች። እንግዲያ እንዴት ሠራላት?

ቦርሳዬን ላስቀምጥ ሰርቪስ ቤት ስገባ ተከትላኝ ገባች። በሩን መለስ አደረገችው። ሽቶዋ ቆርቆሮውን ሞላው።

«አውጥቻት ነበር» አለችኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ሳለች። ሚስማሯ ላይ ሰቀልኳት፣ ሲያልቅ መለስኳት።» ከዚያ «ያልሽው ልክ ነበር» አለች።

«እንግዲያ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«አሁን? ይኼ ሁሉ ሰው እያለ?»

«ይኼ ሁሉ ሰው ስላለ ነዋ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች። እናቷ ለቅዳሴ ሲሄዱ አትንኪያት ብለው አስምለዋት እንደሄዱ ነገረችኝ። ማይልኝ ብላኝ፣ ምዬላት፣ ምናምን። አሁን ብናገር ደስታዋ ይበላሻል አለች፤ ምርቃቷንም ትነሳኛለች።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺ ምን ትሆኛለሽ? አንቺ እንደሆነ እዚሁ ነሽ።»

በክፋት አላለችውም። እንደ ደህና ነገር ነው ያለችው፤ ጊዜ አለሽ፣ ይረሳል ለማለት። ተያይዘን ሳሎን ገባን፣ እንደ እኅትማማች። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ነጠላዬን መደገፊያው ላይ ጣል አደረግሁት። እሷ እናቷ አጠገብ ሄደች።

ሽማግሌ ሰዎች መረቋት። እናቷ አለቀሱ፣ ሳቁ። ጠላው እኔ ጋ ሲደርስ ጎረቤታችን ሴትዮ የልጃቸውን ልጅ ከጉልበታቸው አንስተው ወደ ሌላው ጎን አዞሩት። አየኋቸው። ልጅቷም አየች። ንገሪያቸው ብዬ በዓይኔ ጠራኋት። ስልኳን አነሳች፤ ምንም ሳይኖርበት ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው።

ከዚያ አክስቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሰዉም ሁሉ ጠላውን አስቀመጠ፤ አስቀድመው የተነጋገሩበት ይመስላል።

«ልጄ» አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። «ዕቃውስ ይቅር፣ ዕቃ ነው። እኅትሽ ግን መንገደኛ ናት፣ ሰው አገር ልትሄድ ነው። ቂም የለኝም። ነይና እንትፍ እንትፍ በይላት፣ በደህና ትግባ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ሷ አየሁ። አፏን ስትከፍት አየሁ፤ ከንፈሯን አረጠበች፣ እናቷን አየች። ከዚያ አፏን ዘጋችና፣ እንትፍ እንድልላት ብላ፣ አዲስ የተሠራውን ፀጉሯን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ አንገቷን ደፋችልኝ።

ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ። ሰርቪስ ቤት ገብቼ፣ ያልተፈታውን ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በማጠቢያው ድንጋይ በኩል አልፌ፣ የአጥሩን በር ከፍቼ ወጣሁ።